ከፈተናው በፊት መጸለይ፦ በትእዛዙ ጸንቶ ለመኖር ዝርዝር መመሪያ

ጴጥሮስ ጌታውን ይወድ ነበር። «ከአንተ ጋር መሞት እንኳ የሚያስፈልገኝ ቢሆን ከቶ አልክድህም» ያለው ከልቡ ነው። በዚያች ሌሊት ግን ጌታ በጌቴሴማኒ «ወደ ፈተና እንዳትገቡ ትጉና ጸልዩ» ሲለው እንቅልፍ አሸነፈው። ጥቂት ቆይቶ በሊቀ ካህናቱ ግቢ አንዲት ገረድ ጠየቀችው፤ ካደ። ሦስት ጊዜ ካደ። ማቴዎስ 26ን ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው ጴጥሮስ የት እንደ ወደቀ ያያል። እሳቱ ዳር ከመድረሱ በፊት፣ መጸለይ በነበረበት ሰዓት ነው የወደቀው።

ይህ መመሪያ የተነሣው ከዚህ ነው። ብዙዎቻችን እንጸልያለን። ስለ ጤና፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ አገር ሰላም እንለምናለን። ይህ ሁሉ ደግ ነው። «ነገ በሚዛኑ ላይ እንዳላታልል አቅም ስጠኝ» ብሎ የሚለምን ግን ጥቂት ነው። «ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ የሰው ስም እንዳላነሣ ጠብቀኝ» የሚልም እንዲሁ። ፈተናው ይመጣና በባዶ እጃችን ያገኘናል። ከወደቅን በኋላ እናለቅሳለን። ገበሬ ክረምት ከገባ በኋላ ሞፈር አይቆርጥም፤ እኛም መጸለይ ያለብን ቀድመን ነው።

የምጽፈው በወሎ ለሚኖር ምእመን፣ በተለይም ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያን ነው። ሌላው ክርስቲያንም የሚጠቅመውን ቢወስድ ደስ ይለኛል። የንስሐ አባት ያለው ሰው ከመጀመሩ በፊት ያማክራቸው። የጸሎትና የስግደት መጠን የሚወሰነው ከእሳቸው ጋር ነው።

አንድ፦ የሚጥላችሁን ትእዛዝ ለዩ

«ጌታ ሆይ፣ መልካም ክርስቲያን አድርገኝ» ጥሩ ጸሎት ነው። ግን ሰፊ ነው። ሰፊ ስለሆነም መደበቂያ ይሆናል። ማታ ላይ «ዛሬ መልካም ክርስቲያን ነበርኩ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አይጨበጥም። «ዛሬ ጉቦ ተቀበልኩ?» ብትሉ ግን መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው።

ስለዚህ አንድ ትእዛዝ ምረጡ። አንድ ብቻ። እንዴት እንደሚመረጥ ልንገራችሁ። መጀመሪያ በንስሐ ደጋግማችሁ የምትናገሩትን ኃጢአት አስቡ። ቀጥሎ ለንስሐ አባታችሁ ሳትናገሩት የምታልፉትን አስቡ። ብዙ ጊዜ ዋናው ሁለተኛው ነው። ሰው የሚሸሽገው ያሰረውን ነገር ነው።

አንዱ በቢሮ «የሻይ» የሚባለውን ገንዘብ ለመቀበል እጁ ለምዷል። ሌላው ከሚስቱ ሸሽጎ የሚጽፍላት ሴት አለች። አንዷ ከእኅቷ ጋር በውርስ መሬት ተኳርፋ ዓመታት አልፈዋል። ወጣቱ ሌሊት ስልኩን ይዞ የማይታየውን ያያል። ሁሉም እሑድ ቅዳሴ ላይ አብረው ይቆማሉ። ሁሉም የሚጸልየው አንድ ዓይነት ጸሎት ከሆነ ግን አንዳቸውም ስለሚጥላቸው ነገር አልጸለዩም።

የመረጣችሁትን በወረቀት ጻፉት፤ በአጭሩ፣ ሳታስጌጡ። «ከእኅቴ ጋር መታረቅ።» «ገንዘብ አለመቀበል።» ወረቀቱን በዳዊታችሁ ወይም በውዳሴ ማርያማችሁ ውስጥ አኑሩት።

ሁለት፦ ፈተናው የሚመጣበትን ሰዓት እወቁ

ይህ እርምጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሐሜትን እንውሰድ። በወሎ ቡና ያለ ምርቃት አይጠጣም። ረከቦቱ ይዘረጋል፣ ሣሩ ይጎዘጎዛል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ትልቅ ሰው ይመርቃል፣ ሌላው አሜን ይላል። አቦሉ ሲጠጣ ወሬው ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ነው። ቶና ላይ ሲደረስ ሰው ዘና ይላል። አንዷ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። «እሷማ አልሰማችሁም?» ትላለች። ሲኒ የያዘው እጅ ሁሉ ይቆማል። ፈተናው ይህ ነው። በረካው ሲቀዳ የአንዲት የሌለች ሴት ትዳር፣ ልጆችና ዕዳ ሁሉ መሐል ላይ ተዘርግቶ ይገኛል።

ይህን ያወቀ ሰው ስለ ምን መጸለይ እንዳለበት ያውቃል። ቡና በአጠቃላይ ችግር የለበትም፤ ጎረቤትን የሚያገናኝ በረከት ነው። ችግሩ ያቺ ድምፅ ዝቅ የምትልባት ቅጽበት ናት። ጸሎታችሁ ለእሷ ይሁን።

የእናንተም ፈተና እንዲህ የራሱ ሰዓት፣ የራሱ ቦታና የራሱ ሰው አለው። ደሴ ሰኞ ገበያ እህል የሚሸጠው ሰው ፈተናው የሚመጣው ደንበኛው ዞር ሲል ነው። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛው ደሞዝ በወጣበት ማታ ነው። ወጣቱ መብራት ጠፍቶ ቤተሰቡ ሲተኛ ነው። ወረቀታችሁ ላይ ከትእዛዙ ቀጥሎ ሰዓቱን ጻፉ።

ሦስት፦ የጠዋቱ ጸሎት

ቤተ ክርስቲያናችን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት። ነግህ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ሠለስት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓት፣ ተሰዓት 9 ሰዓት፣ ሠርክ 11 ሰዓት ነው። ንዋም ማታ 3 ሰዓት፣ መንፈቀ ሌሊት ደግሞ ሌሊት 6 ሰዓት ነው። መነሻው ዳዊት «በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ» ያለው ነው፤ መዝሙር 118 ላይ ይገኛል። ሥራ ያለው ሰው ሰባቱንም በሙሉ ቆሞ ለመጸለይ ላይችል ይችላል። ነግህንና ንዋምን ግን አጥብቆ ይያዝ። በሌሎቹ ሰዓቶች አማትቦ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ማድረስ ከማንም ሥራ ጋር አይጋጭም።

ደሴ ጠዋት ይበርዳል። ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ሳለ ከጋቢ ውስጥ መውጣት ከባድ ነው። ስለዚህ ውሳኔውን ለጠዋት አትተዉት። ማታ የምትቆሙበትን ቦታ አዘጋጁ። ወደ ምሥራቅ የዞረ ጥግ፣ ሥዕለ አድኅኖ ካለ እሱ፣ መጽሐፉ፣ ነጠላው። ስልኩ በሌላ ክፍል ይደር። ለማንቂያ የምትጠቀሙበት ከሆነ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ። ጠዋት መጀመሪያ ያያችሁት ፌስቡክ ከሆነ ልባችሁ ሳትጸልዩ ሄዷል።

በሺፍት የምትሠሩ ሰዎች በሰዓቱ አትጨነቁ። ነግህን ከእንቅልፍ በተነሣችሁበት ሰዓት ጸልዩ፤ ከሰዓት 8 ሰዓት ቢሆንም። ዋናው ከሥራው በፊት መሆኑ ነው።

አካሄዱ ይህ ነው። ፊታችሁን ታጥባችሁ ቁሙ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብላችሁ አማትቡ። አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት አድርሱ። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አንብቡ፤ ለሰባቱ ቀናት የተከፋፈለ ስለሆነ አይረዝምም። ከዳዊትም ጨምሩ። 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ ተከፍሏል፤ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው። አንድ ንጉሥ ከበዛባችሁ አንድ መዝሙር አንብቡ። ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ግእዙ የማይገባችሁ ከሆነ በአማርኛ አንብቡት፤ የምትሉትን ማወቅ አለባችሁ።

ከዚህ በኋላ ወረቀቱን አውጡና በራሳችሁ ቃል ጸልዩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አፉ ይተሳሰራል። የመጽሐፉን ጸሎት እንደ ውሃ ያነበንባል፣ በራሱ ቃል ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ግን ያፍራል። አትፈሩ። ዳዊትም የለመነው በራሱ ችግር ነው። ሐሜት ለምትጥላት ሴት ጸሎቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጌታዬ ሆይ፣ ዛሬ ከሰዓት ጎረቤት ቡና አለ። ምላሴን አውቃታለሁ። ብቻዬን አልችላትም። የሌለ ሰው ስም ሲነሣ ዝም የምልበትን አቅም ስጠኝ። ዝም ማለት ካልቻልኩ ደጉን ነገር አሳስበኝና እሱን ልናገር። ስለ እኔ የሚባለውን ከመፍራትም አድነኝ። ያቺን ሴት ባርካት፤ ቤቷን ጠብቅላት። አሜን።»

ልብ በሉ። ጸሎቱ ሰዓቱን ይጠራል። ድካምን ይናዘዛል። የሚፈልገውን በግልጽ ይለምናል። ልትታማ ስለምትችለው ሴትም ይማልዳል። የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። ጠዋት የጸለያችሁላትን ሴት ከሰዓት ማማት ይከብዳል።

ስለ አፍ የሚጸልይ ሰው መዝሙር 140፥3ን በቃሉ ይያዝ፦ «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር።» በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሩ 141 ነው። ስለ ሌላ ፈተና የሚጸልይም ከመዝሙረ ዳዊት ለእሱ የሚስማማ አንድ ቁጥር ይፈልግ።

አራት፦ በሰዓቱ የሚጸለይ አጭር ጸሎት

ነህምያ በንጉሥ አርጤክስስ ፊት ወይን ጠጅ አሳላፊ ነበር። ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» አለው። ነህምያ «ወደ ሰማይም አምላክ ጸለይሁ» ይላል፤ ከዚያ መልሱን ሰጠ (ነህ. 2፥4)። በንጉሡ ጥያቄና በመልሱ መካከል ስንት ሰከንድ ይኖር ይሆን? ማንም አላየውም። እግዚአብሔር ሰማው። ይህ አጭር ጸሎት የሠራው ግን ነህምያ አስቀድሞ ለብዙ ቀን ጾሞና አልቅሶ ስለ ነበር ነው። ምዕራፍ 1ን አንብቡት።

ለፈተናው ሰዓት የሚሆን አንድ አጭር ጸሎት ይኑራችሁ። «ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ማረኝ» ይበቃል። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይበቃል። በሰላሙ ጊዜ ተለማመዱት። በመቁጠሪያ 12 ጊዜ ወይም 41 ጊዜ እያላችሁ ስትጸልዩ ከቆያችሁ በጭንቅ ሰዓት ራሱ ከአፍ ይወጣል።

ከጸሎቱ ጋር ግን ሰውነታችሁም ይንቀሳቀስ። ዮሴፍ በጶጢፋር ቤት ልብሱን ጥሎ ሸሸ። እዚያው ቆሞ «አድነኝ» አላለም። ጸሎት እግርን አያስርም። ጸልያችሁ ከክፍሉ ውጡ። ጸልያችሁ ስልኩን እናታችሁ ክፍል አስቀምጡት። ጸልያችሁ ቁጥሯን አጥፉት። ይህን ሳያደርግ «ጸለይኩ፣ ግን አልተለወጥኩም» የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያደረገው።

ስለ ነጋዴው ትንሽ ልበል። መጽሐፈ ምሳሌ 11፥1 «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» ይላል። እህል ነጋዴ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ብዙ ጊዜ አማትቦ ነው የሚከፍተው። ያን ማማተብ ሚዛኑ ላይ ያድርገው። ባዶ ሳህኑ ዜሮ ላይ መሆኑን ይይ። ከሥር የተለጠፈ ነገር ካለ ያንሣ። «ጌታ ሆይ፣ ይህ ሚዛን በፊትህ ነው» ይበል። ከዚያ የመጀመሪያው ደንበኛ ሲመጣ ሚዛኑን ወደ ደንበኛው ያዙረው። ጤፉ ሲፈስ ሁለቱም ቁጥሩን ይዩ። ቀን ሙሉ እንዲህ ከሸጠ ፈተናው መግቢያ ያጣል። ትርፉ ያንስ ይሆናል፤ አዎ፣ ያንሳል። ለዚህም ነው ጠዋት ስለ ዕለት እንጀራችን የምንለምነው። «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» ያለ ሰው ከደንበኛው ላይ 200 ግራም መስረቅ አይገባውም።

አምስት፦ ከጎረቤት ጋር ስትኖሩ

በወሎ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሃይማኖት ይኖራል። አንዳንዴ አንድ ቤተሰብ ውስጥም ይኖራል። የቅዳሴው ደወልና አዛኑ በአንድ ሰፈር ይሰማሉ። ሠርግ ሲደገስ ለሌላው ወገን እንግዳ ለብቻው ይታረዳል፣ ለብቻው ይዘጋጃል። ይህ የአባቶቻችን ጥበብ ነው። ማንም እምነቱን ሳይተው ሁሉም አብሮ ይበላል።

ስለዚህ ረቡዕና አርብ ሙስሊም ጎረቤት ቤት ስትጋበዙ «አላስቀይማቸውም» ብላችሁ ጾም አትሻሩ። እነሱ ጾማችንን ያውቃሉ። ብዙ ጊዜ ከእኛ ቀድመው «ዛሬ ጾም ነው፣ ሽሮ ሠርቻለሁ» የሚሉት እነሱ ናቸው። ከመሄዳችሁ በፊት አጭር ጸሎት አድርጉ፣ በአክብሮት ተናገሩ፣ በቃ። በሌላ በኩል ደግሞ በጾማችሁ የምትኮሩ፣ ጎረቤቱን የምትንቁ ከሆነ ያም አለመታዘዝ ነው። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው ትእዛዝ የሃይማኖት ወሰን አልተሰመረበትም። ደጉ ሳምራዊ የማን ወገን እንደነበረ አስታውሱ።

ስድስት፦ ይቅርታ ለከበዳችሁ

ይህን ክፍል ማሳጠር አልችልም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦን፣ ወልድያን፣ ደሴን፣ ኮምቦልቻን ነክቷል። ሰው ሞቷል፣ ቤት ተዘርፏል፣ ሰው ልጁን ይዞ በእግሩ ተሰዷል። ያን ያየ ሰው «ጠላቶቻችሁን ውደዱ፥ ስለሚያሳድዱአችሁም ጸልዩ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ጉሮሮው ይዘጋል። በማቴዎስ 5፥44 ያለው ትእዛዝ ለሁሉም የተሰጠ ነው፤ ግን ለሁሉም እኩል አይከብድም። የደረሰበትን ሳታውቁ ሌላውን «ይቅር በል እንጂ» አትበሉት። መጀመሪያ አብራችሁት አልቅሱ።

ራሳችሁ ይቅር ማለት ያቃታችሁ ከሆነ እንዲህ ሞክሩ።

ስሜቱን አትጠብቁ። መውደድ እስኪመጣ ድረስ ጸሎቱን አታቆዩት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሩ፦ «ጌታ ሆይ፣ ይቅር ማለት አልፈልግም። እንድፈልግ አድርገኝ።» ይህ እውነተኛ ጸሎት ነው። በማርቆስ 9፥24 ያለው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ አልቅሷል፤ ጌታም አልገፋውም።

ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የሰውየውን ስም ጨምሩ። ስሙን የማታውቁት ከሆነ «ያ ሰው» በሉ። «ለንስሐ አብቃው» በሉ። ከዚህ በላይ ባትችሉ እዚህ ላይ ቆዩ። የንስሐ አባታችሁ እስኪያበረታቷችሁ ድረስ ብዙ ወር ሊፈጅ ይችላል።

አባታችን ሆይ ስትሉ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ድምፃችሁን አታጥፉ። የሚያንቃችሁ ከሆነ ቆም በሉ፣ ተንፍሱ፣ ቀጥሉ። ይቅርታ ማድረግ ፍትሕን መተው አይደለም። የተሰረቀ ይመለስ ማለት፣ ፍርድ ቤት መሄድ፣ በሽማግሌ መካስ ከይቅርታ ጋር አይጣላም። ወሎ ደም የተቃቡትን የሚያስታርቁ የአበጋር ሽማግሌዎች ያሉበት አገር ነው። ሽምግልናው ሲጠራችሁ ሂዱ። ግን ጸልያችሁ ሂዱ። ከቂም ጋር ሄዶ መጨባበጥ ይቻላል፤ ወደ ቤት ሲገባ ቂሙ እዚያው ይጠብቃል።

ለቤተሰብ ኩርፊያ ደግሞ መንገዱ ይቀላል። ማቴዎስ 5፥23-24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። ለእኅታችሁ ጠዋት ጸልዩ፤ በዚያው ሳምንት ደውሉ።

ሰባት፦ የማታው ምርመራና የወደቀ ሰው

ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቁሙ። አቡነ ዘበሰማያት አድርሱ። ከዚያ ወረቀቱን አውጡና ያን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። ታዘዝኩ ወይስ አልታዘዝኩም? የታዘዛችሁ ከሆነ «ተመስገን» በሉ፤ የራሳችሁ ጉብዝና አታድርጉት። ጌታ «ያለ እኔ ምንም ልታደርጉ አትችሉም» ብሏል (ዮሐ. 15፥5)። የወደቃችሁ ከሆነ መዝሙር 50ን አንብቡ፤ «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» ብሎ የሚጀምረውን። የንስሐ ስግደት ከታዘዘላችሁ ስገዱ። በሰንበትና በበዓለ ሃምሳ የንስሐ ስግደት እንደሌለ አትርሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሰው ከወደቀ በኋላ ጸሎቱን ያቆማል። «በዚህ አፌ እንዴት እጸልያለሁ? መጀመሪያ ልስተካከል» ይላል። ትሕትና ይመስላል፤ ግን ወጥመድ ነው። በሽታ ያለበት ሰው «ስድን ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» ማለት አይችልም። ጴጥሮስ ከካደ በኋላ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፣ ተመለሰ። ይሁዳም ተጸጽቷል፤ ብሩን እንኳ መልሷል። ግን ወደ ጌታ አልተመለሰም። የሁለቱ ልዩነት የተጀመረው ከውድቀቱ በኋላ ባለችው ሰዓት ነው። በወደቃችሁባት ሌሊት ጸልዩ። ለነገ አትበሉት። መጽሐፈ ምሳሌም «ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና፥ ይነሣማል» ይላል (24፥16)።

ከዚያ በቀረበ ጊዜ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። «ለፋሲካ አንዴ እናገራለሁ» ብላችሁ አታከማቹ። ሲሰጧችሁ ቀኖናውን ፈጽሙ፣ ሲፈቅዱላችሁ ሥጋ ወደሙን ተቀበሉ። በግል ጸሎት ብቻ የሚቆም ክርስቲያን የለም። ንስሐ አባታችሁ ሥራ የሚበዛባቸው ከሆነ እንዲህ በሏቸው፦ «አባ፣ በዚህ አንድ ነገር እየታገልኩ ነው። ሲያገኙኝ ይጠይቁኝ።» ካህን በመንገድ ላይ ሲያገኛችሁ «እንዴት ሆነልህ?» ብሎ መጠየቁ ትልቅ እርዳታ ነው።

ስምንት፦ ብቻችሁን አትጸልዩ

የጽዋ ማኅበር ያላችሁ ሰዎች በእጃችሁ ያለውን በረከት ተጠቀሙበት። በወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም እያላችሁ ትሰበሰባላችሁ። ዳቦና ጠላ ይቀርባል፣ ካህኑ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ቀጣዩ ባለ ተራ ጽዋውን ይረከባል። ብዙ ቦታ ከዚያ በኋላ ወሬ ይጀመራል። ከወሬው በፊት ትንሽ ጊዜ ውሰዱ። ከማኅበርተኞቹ ለምታምኑት ለአንዱ «በዚህ ወር ጸልይልኝ» በሉት። ዝርዝሩን መናገር የለባችሁም፤ ለካህን የሚነገር ለካህን ነው። «አንድ ፈተና አለብኝ» ማለት ይበቃል። የክርስትና ስማችሁን ንገሩት።

ከደሴ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ደቀ መዝሙር ሆነው የተቀመጡበት ገዳም ነው። በገዳም ሥርዓት ለአዲስ ገቢ ረድእ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ እህል መፍጨት ይሰጠዋል። ጸሎቱና መታዘዙ በአንድ ቀን ውስጥ ተሰፍተው ይማራቸዋል። እኛ ዓለም ውስጥ ያለነው ለያይተናቸው ነው የተቸገርነው። ጸሎቱን ለቤተ ክርስቲያን፣ መታዘዙን ለዕድል ትተናል።

ግሸን ማርያም ለመስከረም 21 የሚሄዱ ብዙ ናቸው። በመስቀል ቅርጽ የተቀመጠችው አምባ ላይ ወጥቶ ስለት መሳል፣ ልጅ መለመን፣ ሥራ መለመን፣ ውጭ አገር መለመን የተለመደ ነው። ለምኑ። እናታችን አትጠየፍም። ግን ያን ሁሉ ዳገት ከወጣችሁ ወረቀቷን ይዛችሁ ውጡ። «ከእኅቴ ጋር አስታርቂኝ» በሉ። ስትወርዱ ደውሉላት።

ሲከብድ

ልብ ሲደርቅና ጸሎቱ ጣዕም ሲያጣ አታቋርጡ፤ አሳጥሩት። አቡነ ዘበሰማያትና ያቺን አንድ ልመና ብቻ አድርሱ። ጣዕሙን የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው፤ የእኛ ድርሻ መቆም ነው። ሐሳብ ሲበተንም አትናደዱ፤ ከተዋችሁት ቃል ጀምሩ። አሁንም አሁንም ከተበተነ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ።

የታመመ ተኝቶ ይጸልይ። ጨቅላ ልጅ ያላት እናት ልጇን እያጠባች ትጸልይ፤ ሌሊት ለልጁ ስትነሣ መንፈቀ ሌሊትን እየጸለየች ነው። ትልልቆቹ ልጆች ካሉ ማታ አብረው ይቁሙ። ልጅ አባቱ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ልጄን በከንቱ ተቆጥቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» ሲል ቢሰማ ይማርበታል። አባትየውም በማግሥቱ ከመቆጣቱ በፊት ያስበዋል።

አንዱን ትእዛዝ ይዛችሁ ምን ያህል ትቆያላችሁ? በጾም ወቅት መለካት ይቀላል። በፍልሰታ የጀመረ እስከ ጾመ ነቢያት ይያዘው። ኅዳር 15 ጾሙ ሲገባ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። ለውጥ ካለ ሌላ ትእዛዝ ይምረጥ፤ ከሌለ ያንኑ ወረቀት መልሶ መጽሐፉ ውስጥ ያኑር።